አይበሉባ

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊዋ የዋርሳዋን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ አይበሉባዋን መጀመሪያ ጭኗ ላይ፣ ቀጥሎ የመቀመጫዋ አጥንት በሚያርፍበት ቦታ ላይ አሳረፈች። ጭኑ እንደማንኛውም ጭን ነው። አጥንቱ ያለበት ግን ይሞቃል። እጇን አነሳች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ደግማ አሳረፈች። አሁንም ይሞቃል።

«ምን ይላል?» አለች ዋርሳዋ። በሆዷ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ይሞቃል፣ እትዬ።»

«ብዙ?»

«ከሰኞው ይብሳል።»

 ከመጋረጃው ማዶ፣ በሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ የሰፊዋ ባል መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ። ጆሮውን ተክሎ ሲያዳምጥ ነበር ማለት ነው።

ዋርሳዋ፣ ማለትም የባሏ ታላቅ እህት፣ የሂሳብ መምህርት ናት። ሃያ ሦስት ዓመት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆማ አስተምራለች፣ የመጨረሻውን አንድ ዓመት ተኩል ደግሞ ተቀምጣ። ከደረጃ ወድቃ አከርካሪዋ ከተጎዳ ወዲህ ከወገቧ በታች ቢቆነጥጧትም አታውቅ፣ ቢያቃጥሏትም አታውቅ። ከዊልቸሯ ጋር የመጣው ስፖንጅ ከጊዜ ብዛት ሟሽሾ አጥንቷ የወንበሩን ወለል ሲነካ፣ ሥጋዋ ሲቆስል፣ እሷ ሰሌዳ ፊት ስለ ክፍልፋይ ታስረዳ ነበር። ያወቀችው ቀሚሷ ሲረጥብ ነው። ከዚያ ሐኪም ቤት ገባች፣ ከሐኪም ቤት የወንድሟ ሳሎን፣ ይኸው አምስት ወር በሆዷ ተኝታለች።

ቁስሉ አሁን ሽሯል። አዲሱ ቆዳ ግን ገና ስስ ነው። ነርሷ ያወጣችው ሕግ አጭር ነው፦ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትተኛለች፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ መጥፋት አለበት። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ታያለች። ከጠፋ «መቀመጥ ትችላለች» የሚለውን ወረቀት ትጽፋለች፣ ካልጠፋ አትጽፍም። ትምህርት የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ቦታዋን የጠበቀላት እስከ ሰኞ ብቻ ነው። በምትኳ የሚገባው ወጣት መምህር ክፍሉን አይቶ፣ ጠረጴዛውን ለክቶ ሄዷል አሉ። ቁስሉ ዳግም ከተከፈተ ደግሞ ነገሩ ከክፍልም ከወረቀትም ያልፋል፤ አጥንት የሚጠረብበት ቀዶ ጥገና ነው የሚከተለው።

ሙቀቱን እንድትለካ ሰፊዋን የመረጠቻት ነርሷ ናት። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱን አትጠብቁ፣ እስኪቀላ ድረስ ረፍዷል፣ በእጅ ነው የሚታወቀው ብላ የሰፊዋን መዳፍ ያዘች። መዳፉ በመርፌና በመቀስ ደንድኗል። ገለበጠችውና አይበሉባዋን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄኛው ያውቃል» አለች። ባልየው ወንድም ነው፣ እዚያ ላይ እጁን አይሰድም። ስለዚህ ሹመቱ ለሰፊዋ ሆነ፤ ትወድ እንደሆን ግን የጠየቃት የለም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሰፊዋ ዋርሳዋ ሰኞ እንድትሄድላት ትፈልጋለች። «ትፈልጋለች» የሚለው ራሱ ያንሳል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና ለቤተሰቡ የታየች ቀን፣ መምህርቷ ከላይ እስከ ታች አይታት እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረች ጠየቀቻት። እስከ ስድስተኛ ነው ስትላት «አንድ ክፍል ብትጨምሪ እኔ ጋ ትደርሺ ነበር» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምናልባት ቀልድ ብቻ ነበረ። ሰፊዋ ግን ያንን ሳቅ እስካሁን አልዋጠችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ» እና «እርሶ» ከአፏ አልተለዩም፣ አንዲት ቀን እንኳ «አንቺ» ብላ አልተሳሳተችም። ዘመዶች አክብሮት መስሏቸው ያደንቋታል። አጥር ነው እንጂ አክብሮት አይደለም።

አምስቱን ወር ደግሞ ይበልጥ የከነከናት አንድ ቃል ነው። ምግቡ እንዴት ነው ሲሏት «ተመቸኝ» ትላለች መምህርቷ። አልጋውስ? «ተመቸኝ።» የስፌት መኪናው ጩኸት ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዋ ሥር ነው፣ አይረብሽም? «ኧረ ተመችቶኛል።» ይሄ የእንግዳ ቃል ነው። የቤት ሰው ይነጫነጫል።

ባልየውን ያሳሳተውም ይኸው ቃል ነው። በሰፈሩ «አውራ ጣት» ነው የሚሉት። ሶፋና ወንበር ሲያለብስ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ስፖንጅ የሚመርጠው በጣቱ ነው። አውራ ጣቱን እስከ አንጓው ድረስ ይሰድና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል፣ ከዚያ መዝዞ ስፖንጁ ስንት ሲቆጠር እንደሚመለስ ያያል። ቀጥሎ ደንበኛውን ያስቀምጠዋል፣ «ተመቸህ?» ይለዋል፣ ፊቱን ያያል። ሰውየው ከተመቸው አለቀ፣ ካልተመቸው ይቀየራል። ሌላ ዘዴ የለውም፣ አስፈልጎትም አያውቅ።

ሰኞ ለእህቱ የመረጠላት በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ልስልሱን ነው፣ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ለሙሽሮች ሶፋ የሚያስቀምጠውን። አስቀመጣትና «ተመቸሽ?» አላት። «ተመቸኝ» አለችው። ምን ትበለው? እዚያ ቦታ ላይ እሾህ ቢያኖርላትም ተመችቷታል። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ የሰፊዋ አይበሉባ ሌላ ነገር ተናገረ። ነርሷ በስልክ ስትጠየቅ ልስልስ ስፖንጅ ሰውን እስከ ወለሉ ያሰምጠዋል፣ ጠንካራ ይሁን አለች። ጠንካራ ከተባለ አውራ ጣት ማንን ይፈራል? ለቤተ መጻሕፍት አግዳሚ ከሚጠቀምበት፣ ጣት ከማያስገባው፣ አንዱን ቆረጠ። የዛሬው ሙቀት የዚያ ውጤት ነው።

ሰፊዋ ቀሚሱን መልሳ ልትወጣ ስትል መምህርቷ አንጓዋን ያዘቻት። አልለመደባትም፤ በአምስት ወር ውስጥ እጇን ነክታት አታውቅም።

«ቅዳሜ ቀዝቅዟል በያት» አለች በዝግታ። «ሲስተር የምታምነው ያንቺን እጅ ነው። ያንን ክፍል ከወሰዱብኝ እኔ ምን ቀረኝ?»

 አስቀያሚው ነገር ሰፊዋ ሐሳቡን አለመጥላቷ ነው። አንዲት ቃል ናት። ቀዝቅዟል ትላለች፣ ወረቀቱ ይጻፋል፣ ሰኞ ሳሎኑ የሷ ይሆናል፣ ዋርሳዋም የፈለገችውን ታገኛለች። ማን ይጎዳል? ማን እንደሚጎዳ አይበሉባዋ ያውቃል፣ እስካሁን ሙቀቱ አለበት። «ቆይ እስኪ፣ ገና ሁለት ቀን አለ» ብላ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

ባልየው ለማንም ሳይናገር ወጥቶ ወደ ስፖንጅ መጋዘኑ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ብብቱ ሥር ሁለት ቁራጭ ይዟል፣ ፊቱ ግን የተገሰጸ ተማሪ ፊት ነው። ባለመጋዘኗ መነጽሯን ደረቷ ላይ የምታንጠለጥል አሮጊት ናት፤ ገና «ጠንካራ ስፖንጅ» ሲላት አቋረጠችው ይላል። «የትኛውን ጠንካራ?» አለችው፣ «የሚቆየውን ነው ወይስ የሚቆረቁረውን?»  እኩል የተቆረጡ ሁለት ስፖንጆች አምጥታ በአውራ ጣቱ እንዲጫን አደረገችው፤ ሁለቱም እኩል ገቡለት፣ እኩል ተመለሱለት። ቀጥላ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊመዝን ምንም አልቀረው። ልስልስ ሆኖ የማይደቅ አለ፣ ደረቅ ሆኖ ባጭር ጊዜ የሚፈርስ አለ፣ ይሄን ጣት አያውቀውም ብላ አሰናበተችው።

አውራ ጣት በሃያ ዓመቱ በኪሎ ተሸነፈ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፊዋ ሳምንት ትስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን ሲቆርጥ አጠገቡ ቆማ አየችው። ከባዱን ስፖንጅ ከታች አደረገ፣ አጥንቶቹ በሚያርፉበት በኩል በስሱ ፈለፈለው፣ ከላይ ደግሞ ግራጫውን፣ ጣት ሲጫኑት ሰምጦ ቀስ ብሎ የሚመለሰውን፣ በማስቲሽ አጣበቀ። ሦስቴ ለካ፣ ሁለቴ አፍርሶ ደገመ። እህቱን እንደሚወድ በአፉ ተናግሮ አያውቅም፤ እጁ ላይ ግን ይታይ ነበር።

ልብሱ የሰፊዋ ድርሻ ነው። ለዚህኛው የቤቱን ምርጥ ጥቁር ሌዘር አወጣች። የሷ ሥራ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፦ ሽብሽብ የለውም። ልብሱን ከስፖንጁ በአንዲት ጣት አሳንሳ ትቆርጠዋለች፣ ስፖንጁን አጥፋ፣ በጉልበቷ ገፍታ ታስገባዋለች፣ ዚፑን ስትዘጋው ትራሱ ወጥሮ ይቆማል። ባልየው ደንበኛ ፊት እርሳስ ከላይ ይጥልበታል፤ እርሳሱ ይነጥራል፣ ደንበኛው ይስቃል፣ ትዕዛዝ ይጨመራል። ዓርብ ጠዋት በእህቱ ትራስ ላይም ጣለው። እርሳሱ ነጥሮ የመምህርቷ አልጋ ሥር ገባ፣ መምህርቷ ራሷ ፈገግ አለች። ሰፊዋ ደስ አላት፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ሥራ ነው ብላ በሆዷ ተናገረች።

መምህርቷ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ተኛች። አይበሉባው አረፈ።

ይሞቃል። እንደ ሐሙሱ አይደለም፣ ግን ይሞቃል፣ በተለይ ቀኙ። ሰፊዋ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፤ አሁንም ለብ እንዳለ ነው።  መምህርቷም ሰፊዋ ደግማ ከመጠበቋ ውጤቱ ገብቷታል።

ባልየው ይሄን ሲሰማ የሥራ ክፍሉ ወንበር ላይ ዝርግፍ አለ። መጀመሪያ ባለመጋዘኗን ሰደበ፣ ቀጥሎ ነርሷን፣ ቀጥሎ ራሱን። ሰፊዋ ገና ነገ አለ፣ ሌላ ስፖንጅ እንሞክር ስትለው ቀና ብሎ አያት።

«አንቺማ ቸኩለሻል» አለ። «እንድትሄድልሽ ነው። አምስት ወር ሙሉ ቀን ስትቆጥሪ አይቼሻለሁ።»

እውነት ነዋ። ሐሰት ቢሆን ጮሃ ትመልስለት ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ መምህርቷ ከመጋረጃው አጠገብ ነው የተኛችው፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሁሉንም ሰምታለች። ሰፊዋ አጠገቧ ስታልፍ የራሷ ከንፈር ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ቀዝቅዟል። ልምምድ መሆኑ ነው። ቃሉ አፏ ውስጥ ሲገባ ቅልል ማለቱ አስደነገጣት።

ቅዳሜ ማለዳ ባልየው ሌላ ስፖንጅ ፍለጋ ወጣ። ሰፊዋ የሥራ ክፍሉን ለመጥረግ ገባች። ጠረጴዛው ሥር ሐሙስ ከተቆረጠው የተረፈው ቁራጭ ወድቋል፣ ከታች ከባዱ፣ ከላይ ግራጫው፣ እንደተጣበቀ። አንስታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ክርኗ እርሳሱን ገፋውና ላዩ ላይ ጣለው።

እርሳሱ አልነጠረም። ግራጫው ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ተኛ።

ሰፊዋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እርሳሱን አነሳች፣ ወደ ዊልቸሩ ሄደች፣ በሌዘር የለበሰው ትራስ ላይ ጣለችው። ነጠረ። ተመለሰች፣ ቁራጩ ላይ ጣለች። ተኛ። በጣቷ ራቁቱን ስፖንጅ ተጫነች፤ ጣቷን ውጦ ያዘላት። የለበሰውን ተጫነች፤ ሌዘሩ መልሶ ገፋት።

ያን ጊዜ ገባት። ስፖንጁ ትክክል ነበር። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ትክክል ነበር። መምህርቷ ግን ስፖንጁ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ የተቀመጠችው የሰፊዋ ልብስ ላይ ነው። ሌዘሩ ወጥሮ ይዟት አጥንቷ ወደ ልስላሴው አልገባም፣ በሁለት ነጥብ ላይ ቆማ ነው ሰዓቷን የጨረሰችው። አውራ ጣት የሚፈትነው ልብስ ሳይገባ ነው፣ እሷ የምታለብሰው እሱ ከፈተነ በኋላ ነው፤ አብረው በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ አንዱ ሌላው የሠራውን ደግሞ ነክቶ አያውቅም። የሚሰማው ሰው ቢሆን ገና ሲቀመጥ «እንደ ጠረጴዛ ነው» ብሎ በተነሳ።

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነበር። ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ባሏ ስፖንጁን እየረገመ ነው፣ ዝም ብትል ጥፋቱ የስፖንጅ ሆኖ ይቀራል። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከመጋረጃው ማዶ ቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ይሰማል፤ መምህርቷ በሆዷ ተኝታ ሰኞ ለምታስተምራቸው ልጆች ጥያቄ እያወጣች ነው። ታስተምር ይሆን አታስተምር ሳታውቅ ጥያቄ ታወጣለች።

ሰፊዋ ተነስታ ምላጭ አነሳች። የራሷን ስፌት በራሷ ምላጭ ተረተረችው፣ ክር በክር። ሌዘር አይሆንም፣ ሸራም አይሆንም፤ ሲጫኑት የሚከተል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው። በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ አንድ ብቻ አለ፣ እሱም ሣጥኗ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ የሹራብ ቀሚሷ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የለበሰችው። አወጣችው። ለረጅም ጊዜ አላየችውም፤ ካየችው እንደማትቆርጠው ታውቃለች። መቀሱን ከአንገቱ አስገባች።

ይሄኛውን ከስፖንጁ በሁለት ጣት አስፍታ ቆረጠችው። መኪናው የሚለጠጥ ጨርቅ አይወድም፤ ክር በጠሰባት፣ መርፌ ሰበረባት፣ ምሳ ሰዓት አለፈ። ባልየው ባዶ እጁን ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም ትራሱን ዊልቸሩ ላይ እያስቀመጠች ነበር። ትራሱ ያስቃል። ጠርዙ ተንዘላዝሏል፣ መሐሉ ሽብሽብ ነው፣ ያልተነጠፈ አልጋ ይመስላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ከዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።»

«ባለመውጣቱ ነው የተቃጠልነው» አለች። «ስፖንጅህ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልብሱ ነው።» እርሳሱን አነሳችና በተንዘላዘለው ትራስ ላይ ጣለችው። እርሳሱ ሰምጦ ቀረ። ባልየው እርሳሱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የሹራብ ቀሚስ እጅጌ አየ። 

መምህርቷን ሲያስቀምጧት ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ሰፊዋ እጇን በትራሱና በሰውነቷ መካከል አስገባች። ዓርብ ዊልቸሩን ስታስተካክል እጇ በዚያ በኩል አልፎ ነበር፤ ጭኑ ሥር ባዶ ነበር፣ አጥንቱ ሥር ግን ማለፊያ አልነበረውም። አሁን ከጭኑ እስከ አጥንቱ እኩል ተጫናት፣ የትም ቦታ አልነከሳትም። ባልየው ልማዱ አሸንፎት ጎንበስ ብሎ «ተመቸሽ?» አለ።

መምህርቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «የሷን እጅ ጠይቅ።»

ሰዓቱ አላልቅ አለ። ባልየው የተቆረጠ ስፖንጅ ደግሞ ደጋግሞ ይደረድራል። ሰፊዋ የተበጠሰውን ክር ከወለሉ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ለአሥር ሃያ አምስት ጉዳይ ሲሆን አስተኟት፣ ግማሽ ሰዓቱ የሚያልቀው አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ነርሷ ግን ልክ አሥር ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳች።

ነፋስ ይዛ ገባች፣ እጆቿን እያሻሸች። ልትነካ እጇን ሰደደችና መለሰችው። የኔ እጅ በረዶ ነው፣ ለበረዶ እጅ ሁሉም ይሞቃል ብላ ሰፊዋን ጠራቻት። ባልየው ከመጋረጃው ማዶ ቆሟል፣ ጫማው ብቻ ይታያል። መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰፊዋ አዙራ አየቻት። ሐሙስ የተናገረችው በሁለቱ መካከል ነበር።

ሰፊዋ አይበሉባዋን ጭኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ግራው ላይ። ከዚያ ቀኙ ላይ፣ ረዘም አድርጋ።

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ ተለማምዳዋለች። ሳሎኑ፣ ሰኞ፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ውስጥ ነው ያለው።

«ግራው ቀዝቅዟል» አለች። «ቀኙ ገና ነው።»

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከመጋረጃው ሥር ጫማው ወደ ኋላ አለ። ነርሷ ስንት ሰዓት ላይ እንደተኛች ጠየቀች፣ ነገሯት፣ ሰዓቷን አየች። «አምስት ደቂቃ ይቀራል» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ ያን ያህል ይረዝማል ብሎ ማን ያስባል? ሰፊዋ እጇ እንዳይሞቅ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ቆመች። ማንም ማንንም አላየም።

አሥር ሰዓት ከአምስት ሲሆን አይበሉባዋን አሳረፈች። ጭኑ። ቀኙ። ጭኑ። ቀኙ። ሦስተኛ ጊዜ ስትመላለስ የትኛው የትኛው እንደሆነ እጇ መለየት አቃተው።

«ቀዝቅዟል» አለች።

መምህርቷ ቀና ለማለት ሞከረች። «እውነትሽን ነው?» አለች። «ንገሪኝ። እውነትሽን ነው ወይስ...»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ። ቀኙ ገና ነው ስል ሰምተውኛል አይደል?»

መምህርቷ ግንባሯን ትራሱ ላይ መልሳ አሳረፈች። ነርሷ እጇ ሞቅ ብሎላት ራሷም አረጋገጠች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስም ጻፈች፣ ቀን ጻፈች። ከዚያ ብዕሯ ቆመ። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ይሄን የሚያይላት ማነው ብላ ጠየቀች። መምህርቷ ለብቻዋ እንደምትኖር፣ ምናልባት አንዲት ጎረቤት እንደምትለምን ተናገረች። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤት እስኪለምደው ቆዳው ይከፈታል፣ የለመደ እጅ በየቀኑ ካላያት ይሄን ወረቀት አልፈርምም አለች።

 ባልየው መጋረጃውን ገልጦ ገብቷል፣ ወለሉን ያያል። እሱ እንኳ ሚስቱን ለመጠየቅ አልደፈረም።

መምህርቷ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች። በአምስት ወር ውስጥ ይሄን ጥያቄ ስትጠየቅ እንጂ ስትጠይቅ ተሰምታ አታውቅም።

«እዚህ ብቆይ ይመችሻል?» አለች።

 ሰፊዋ ሳሎኑን አየች፣ አልጋውን አየች፣ የሹራብ ቀሚሷን የለበሰውን ትራስ አየች።

«አይመቸኝም» አለች።  «ቤቴ ውስጥ እንደልቤ መሆን አልቻልኩም፤ ያ ቀይ እስክሪብቶ ሲጫር ደግሞ ጥርሴን ያሳክከኛል።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከሰኞ ጀምሮ ግን ከትምህርት ቤት ስትወጪ ወዲያው ነይ። ሳይመሽ ልይሽ።»

መምህርቷ ነቃ ብላ አየቻት። «ነይ» የሚለውን ሰምታለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማችው ቃል ነው። ከዚያ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየም።

«እኔንም አልተመቸኝም ነበር» አለች ከትራሱ ውስጥ። «አልጋውም፣ መኪናውም፣ ምኑም። ለማን ይነገራል?»

ነርሷ አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ብዕሯን አንስታ ወረቀቱ ላይ ፈረመች።